አርባ ሲሲ

ከደጀን መውጫ ላይ፣ ካንድ ቆርቆሮ ጀርባ፣
የክትባት ሣጥን ከኋላዋ አስራ ትሁኔ ስትገባ፣
ሞተሯን ሰማሁት፤ ሳል ይዞታል መሰል፣
ደረቅ ሳል፣ ዘይት ያጣ ሲሊንደር የሚስል።

"አጥፊው" አልኋት፣ "ይብረድ፤
ወዴት ነው መንገዱ?" "ወደ ቆላ መውረድ።
ሁለት ቀበሌ አለኝ፣ ሠላሳ ሕፃናት፣
በረዶው ሳይቀልጥ ልድረስ በጥዋት።"

ስሚኝ እንግዲያው።
ይሄ ሁለት ምት ነው፤ ውኃ የለው፣ ራዲያተር የለው፣
ከመቃጠል የሚያድነው ነፋስ ብቻ ነው።
ክንፎቹን እያቸው፣ እንደ ማበጠሪያ የተደረደሩ፤
ጭቃና ጭድ ከሞላቸው ተዘጋ ማለት ነው በሩ።
በስንጥር ፈልቅቂው። ግን ትኩሱን በውኃ አትምቺው፤ ብረትም ይደነግጣል፣
ድንጋጤው ስንጥቅ ሆኖ እዚያው ይቀራል።

እንደ መኪና ሞተር ከሆዱ ዘይት አያጠራቅም፤
ከቤንዚኑ ጋራ በልቶ ነው የሚያድር፣ ለነገ ስንቅ የለውም።

ዳገቱን ሰው ሁሉ ይፈራዋል። እኔ ግን እልሻለሁ፣
ቁልቁለት የገደላቸውን ሞተሮች እዚህ ቆጥሬአለሁ።
ዳገት ላይ እጅሽ ክፍት ነው፤ ቤንዚን ይወርዳል፣ ዘይቱም አብሮ።
ቁልቁለት ላይ ነዳጁን ዘግተሽ፣ ጎማው ሞተሩን ነድቶት፣ በማርሽ አስሮ፣
በባዶ አንጀቱ ይሽከረከራል፣ በፆም፤
ፒስተኑ ይወጣል ይወርዳል፣ የሚያርሰው ጠብታ የለም።
ደግሞ ወደ ቆላ ስትወርጂ አየሩ ይወፍራል፣
ደጋ ላይ የበቃው ቤንዚን እታች ያንሳል፤
የሳሳ ነዳጅ ነው ብረት የሚያቀልጠው።
እና በየኩርባው ፍሪሲዮን ያዢ፣ ነዳጁን አንዴ ክፈቺለት፤
አንድ ጉንጭ ይጠጣ፣ ጉሮሮው ይርጠብለት።

ድልድዩ ጋ ስትደርሺ ካንዴላውን ፈትተሽ እዪው፤ ቀይ ጤፍ ከመሰለ ሰላም፣
እንደ ኖራ ከነጣ ግን ቁሚ፤ አንዲት ክንድ አትሂጂም።
ቆሞ ሳለ ሳትነኪው ከጮኸ፣ ድምፁ ከናረ፣
ሌባ አየር ገብቷል በካርቡሬተሩ ጎማ፣ ጎማው ተተረተረ።

ያን ፒስተን አየሽው፣ ከምስማሩ ላይ የተንጠለጠለ?
ጎኑን ድመት የቧጨረችው የሚመስል፣ ፋሻው የተቃጠለ?
የኔ ሥራ ነው። የወባ መርጫ ተሸክሞ ልየው ሲወርድ፣
ዘይቱን በግምት ጠብ አድርጌ፣ እጄን አምኜ፣ "ይበቃሃል" ያልሁት፣ "ሂድ"።
ድልድዩ ሳይደርስ ሞተሩ ነከሰ፤ የኋላው ጎማ ቀጥ አለ፣
ልየው ዛሬም ያነክሳል። አንድ ቀን "አንተ ነህ" አላለ።
አለማለቱ ነው የሚያንገበግበኝ፤
ፒስተኑን ሰቀልሁት፣ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር እንዲያየኝ።

ይህን ሁሉ ስለፈልፍ ዝም ብላ ሰማችኝ፤
ከሣጥኗ መርፌ የሌለው ስሪንጅ አውጥታ አሳየችኝ።
ዘይቱን ሳበች፣ ወደ ብርሃን አነሣችው፣ አረፋው እስኪወጣ ጠብቃ፣
በጥፍሯ መታ መታ አድርጋ፣ መስመሩ ላይ ሲደርስ፣ "በቃ።
ለሕፃን ግማሽ ሲሲ፤ ለዚህ ሽማግሌ፣ ለአንድ ሊትር፣ አርባ።
እኔም ቤት ግምት የለም፤ በግምት ሰው ሥጋ ውስጥ አይገባ።"

አፈርሁ፤ ደስም አለኝ።

ወረደች። ቁልፌን ጥዬ የመውረጃው አፍ ላይ ቆምሁ፣
ጉም ነው፣ አይታይም፤ በጆሮዬ ተከተልሁ።
ዝም ይላል... ዝም... ከዚያ ኩርባው ላይ፣ ቡፍ! አንድ ጉንጭ።
ዝም...
ደግሞ ቡፍ!

ልየው ከዘራውን ይዞ መጥቶ ከጎኔ ቆመ፤
ጆሮውን ወደ ገደሉ ሰጥቶ፣ እንደኔው ዝም አለ፣ አዳመጠ።
"ስንተኛው ኩርባ ላይ ናት?"
"ሰባተኛው" አልሁት።
ስምንተኛውን አብረን ጠበቅነው።