በሁለት ሰዓት ኑ

ዓርብ ዓርብ ጠዋት፣ በቂርያት ጋት ዳር፣
ከመጠለያው በር፣ ከዛገው አጥር ሥር፣
እንሰበሰባለን፤ አራት፣ አንዳንዴ አምስት፣
ያለ ማዕረግ ምልክት፣ ያለ ሰልፍ ጩኸት።

ሺሎ ይነዳል የአማቱን መኪና፤
በሯ በገመድ ነው፣ ሞተሯ ግን ጤና።
ኦሽራት በጦር ሜዳ ቁስል ታስር ነበር፣
ዛሬ የደም ግፊት ትለካለች በየሰፈር፤
የእማማ ይታይሽን ክንድ በጨርቅ ጠምጥማ፣
"ጨው ቀንሺ" ትላለች፣ እማማ ላትሰማ።
ቢያድግ በቀኝ እጁ ሁለት ጣት ጎድሎታል፤
በቀሩት ሦስቱ ግን ሶኬት ይፈታል፣
አልፈታም ያለውን በስድብ ያስፈታል።
እኔ ደግሞ ካርቶን ነው የምሸከመው፤
ጉልበቴ ውስጥ ያለው ብረት ነው የሚያመው።

ለፋሲካ ሰሞን ዝርዝር ሲደርሰን፣
"እናናው። ብቻውን። ማሞቂያው ያፈሳል" የሚል አነበብን።
ደወልኩ። "ዓርብ፣ በሁለት ሰዓት ኑ" አለኝ።
"በሁለት ሰዓት" አልኩ፤ ነገሩ ቀለለኝ።

ስምንት ቤት አዳርሰን፣ ቆመን ምሳ ነክሰን፣
በእኛ ሁለት ሰዓት ከደጁ ደረስን።
ሊፍት የለውም ሕንጻው። አራተኛ ፎቅ።
ስልሳ አራት ደረጃ፤ ስልሳ ሦስተኛው ተሰብሯል፣ ተጠንቀቅ።

በሩ ክፍት ነበር። ሽማግሌው ቆሟል፤
ሙሉ ልብስ ለብሷል፣
እስከ አንገቱ ድረስ ሸሚዙን ቆልፏል።
ጠረጴዛው ላይ አምስት ብርጭቆ፣
አምስት ብርቱካን፣ ተልጦ ውሎ፣ ደርቆ።

"በሁለት ሰዓት ነበር ያልኳችሁ" አለ፣
ከግድግዳው ሰዓት ላይ ዓይኑን ሳይነቅል።

የእሱ ሁለት ሰዓት ፀሐይን ይከተላል፣
የኔ ሁለት ሰዓት ስልኬ ውስጥ ያድራል፤
በሁለቱ መካከል፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ፣
ሰው ቆሞ ጠበቀን፣ "አሁን ይደርሳሉ"።
ዘብ ቆሜ አውቃለሁ፤ ተተኪ ሲዘገይ፣
ግማሽ ሰዓት እንኳ ምን ያህል ይረዝማል፣ ከጨለማ ጋር ስትተያይ።

አልተቆጣም ግን። ብርቱካኑን አቀረበ፤ በላነው።
ቢያድግ ጣሪያ ወጣ፣ ብረት ሲመታ ይሰማል፤
ካርቶኑን ባስቀምጥ ከፍቶ አየና ግማሹን መለሰው፦
"ዘይቱን ለይታይሽ ስጡ፤ እኔ አንድ ሰው፣
ይህን ሁሉ ጠርሙስ መች ልጨርሰው?"

ከዚያ ጉልበቴን አየ።
ምንም አልነገርኩትም።
"ሌሊት ትተኛለህ?"
ይህን ጥያቄ ሐኪሙም፣ ኮሚቴውም
በቅጽ ጠይቆኛል፣ በቅጽ መልሻለሁ።
እዚህ፣ በብርቱካን ልጣጭ ፊት፣ ቃል አጣሁ።

"በሦስት ሰዓት" አልኩት፣ "ሌሊት እነቃለሁ።"
"የኔ ዘጠኝ ነዋ! እኔም ነቅቼ አለሁ።
ከሰንበት በቀር፣ ደውል፤ ስልኩ ትራስጌ ነው።
ካልፈለግህ አታውራ፤ ማንሳቴን ብቻ ስማው።"

ሺሎ ከታች ሆኖ ክላክስ ይነፋል፤
ሰንበት ሳይገባ ገና ሦስት ቤት ይቀራል።
ወረቀቱን አወጣሁ። "ተረጂ" ከሚለው ሥር ስሙን ሰረዝኩት፤
የት እንደምጽፈው ስላላወቅሁ፣ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ያችው ሌሊት ሰንበት ናት። ነቃሁ፣ ላቤን ጠረግሁት፤
ሦስት ይላል ስልኬ። በፊቱ ደፋሁት።
ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ፣ ከሕንጻዎቹ አናት፣
ሳይጠፋ የቀረ የአንድ መስኮት መብራት።
የእሱ ይሁን የሌላ፣ ማረጋገጫ የለኝም።
ደረጃውን ቆጠርኩ፣ ከታች ጀምሬ፣ አልቸኮልኩም፤
ከተሰበረው ላይ አልደረስኩም።