እለ ትነብሩ

ከዜሮ በታች ነው፣ ሠላሳ አንድ ግድም፤
በኤድመንተን ሌሊት ውሻ እንኳ አይወጣም።
እኔ ግን ቆሜያለሁ ከበሩ ፊት ለፊት፣
ብርቱካን ሰደርያ ደርቤ በካፖርት፣
በግራዬ አካፋ፣ በቀኜ የእጅ መብራት።
እጄን ወዲህ ሳደርግ መኪናው ይዞራል፣
እጄን ወደ ላይ ስል መኪናው ይቆማል፤
ዲያቆን አይደለሁም፤ ግን ሕዝቡ ይሰማኛል።

አሥራ ሰባት ዓመት ከኋላ ቆሜያለሁ፣
ግድግዳ ተደግፌ፣ ሰዓት እየቆጠርሁ።
ከሆቴሉ ሌሊት ያመጣሁት ድካም
ከማሞቂያው ጥግ ላይ ሲያንቀላፋ በጣም፣
"አቤቱ ማረን" ሲሉ ከንፈሬ ይላል፣
ልቤ ግን ምድር ቤት አንሶላ ያጥፋል።
ሰው ሲያለቅስ አያለሁ፤ እቀናለሁ ደግሞ፦
ምን አግኝቶ ይሆን እንዲህ እዚያው ቆሞ?

ታዲያ ባንድ እሑድ፣ ከስንብቱ በፊት፣
ቄስ መርዓዊ አነሱ የከተማ ወረቀት፤
"ማዶ ያሉት አዛውንት ከሰውናል፤ ይኸው፣
መውጫ አሳጡኝ ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው።
ማነው እደጅ የሚቆም፣ መኪና የሚያስተናብር?"
ጸጥታ። አንዱ ሳለ፤ አንዱ ምንጣፍ ሲቆጥር፣
የገዛ እጄን አየሁት ወደ ላይ ወጥቶ ሲቀር።
(እውነቱን ልናገር? ለመንፈሳዊነት አይደለም፤
ውጭ ከሆንሁ እንቅልፍ አይጥለኝም ብዬ ነው እንጂ ሌላ የለም።)

የወይዘሮ ትርንጎን ፍሬን ከሩቅ እለያለሁ፤
ከዳያሊስስ ማግስት ቀድመው ሲመጡ አያለሁ።
ይሄ የታክሲው ሀብተየስ ነው፣ ሒሳቡን ሳይዘጋ፣
ጣሪያው ላይ መብራቱን ረስቶት የሚደርስ ሲነጋ።
ይህችኛዋ ነርስ ናት፣ ከፈረቃ ወጥታ፣
ነጠላ የምትለብስ መሪውን ተጠግታ።
ያቺ ደግሞ፣ ባልዋን ኅዳር ላይ የሸኘች፣
ሞተሩን አጥፍታ ውስጥ ጥቂት የምትቆይ ነች።
እኔም ጀርባዬን ሰጥቼ በረዶ እዝቃለሁ፤
እስክትጨርስ ድረስ አላየሁም፣ አልሰማሁ።

ከምድር ቤቱ መስኮት፣ በስንጥቁ ሾልኮ፣
ይደርሰኛል ድምፁ፣ የውስጡ አምልኮ።
"እለ ትነብሩ ተንሥኡ!" ይላል ዲያቆኑ፤
የተቀመጣችሁ ተነሡ!
እስቃለሁ ብቻዬን፦ "ጌታዬ፣ እኔ መች ተቀመጥሁ?
ከሌሊቱ አሥር ጀምሮ ይኸው ቆሜልሃለሁ።"
ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ ሲል፣ ምሥራቄ ጎማ ቤት ነው፤ ከማስታወቂያው በላይ
የጋለ ብረት መስላ ብቅ ስትል ፀሐይ
መሬቱ በሙሉ ባንዴ ይቀላል፣
ሰማንያ መኪና ነጭ ለብሶ፣ ተሰልፎ ይቆማል።

ከሳሻችን ቫሲል በሦስተኛው ወር ወጣ፤
ሊሰድበኝ ነው ስል አካፋ ይዞ መጣ።
ምንም አላለም። ከወዲያ ጫፍ ይዝቅ ጀመር፤
መሐል ላይ ተገናኘን፣ ላባችን ቅንድብ ላይ በረዶ ሆኖ ሲደረደር።
ደወሉ ሲሰማ ቆቡን አወለቀ፤
እጁ ከግንባሩ ወደ ደረቱ ዘለቀ፣
ከዚያ ከቀኝ ወደ ግራ። እኔ ከግራ ወደ ቀኝ።
ተያየን። "አባቴ ነው እንዲህ ያስተማረኝ"
አለኝ።

ደስታን ስጠብቀው በመጋረጃው በኩል፣
ለካ በጓሮ በር፣ ከጨው ባልዲ ጋር ነው የሚውል።
ጨው ስበትን "የምድር ጨው" የተባለው ትዝ ይለኛል፤
ጌታ ያኔ የአልበርታን አስፋልት አስቦ ኖሯል?
ወይዘሮ ትርንጎ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ በዚያ ጨው ላይ፣ በቀስታ፣
ሳይንሸራተቱ ደጁን ሲሳለሙ ሳይ፣ አገጬ አካፋዬን ተመርኩዞ ለአፍታ፣
ለምን እንደ ተፈጠርሁ አውቃለሁ። ለዚያች ደቂቃ።
ከዚያ አንዱ ጥሩንባ ይነፋል፤ ሐሳቤ ያበቃል፣ በቃ።

"በሰላም ግቡ" ሲባል ሕዝቡ ይወጣል ሲንጫጫ፤
የነርሷ ልጅ ናኦድ፣ የቀላ አፍንጫ፣
ጠበል ያመጣልኛል በወረቀት ኩባያ፣
ሁለት እጁን አጋጥሞ ሲያቋርጥ ሰፊውን ማቆሚያ።
ላዩ ላይ ስስ በረዶ ይዟል። በከንፈሬ ሰበርሁት፤
ቅዝቃዜው እስከ ሆዴ ወረደ፤ ስቄ ዋጥሁት።

የመጨረሻዋ መኪና ትሄዳለች። መብራቴን አጠፋለሁ።
ያ እንቅልፍ፣ የአሥራ ሰባት ዓመቱ፣ የት እንደ ወደቀ አላየሁ።
የቫሲል መስኮት በርቷል፤ ከማዶ እጁን ያነሣል።
በረዶው እንደገና ጀመረ።
ይጀምር።