ሦስተኛው ጉድጓድ

ደቻቱ ደርቆ ተኝቷል፤ አሸዋው ገና አልጋለም፤
በዚህ ሰዓት ድሬ ላይ የሚያዛጋ እንጂ የሚሮጥ የለም።
ሦስት እግር ተከልን፣ መዘውር ሰቀልን፣ ገመዱን ሮብሌ ያዘ፤
ስልሳ ሦስት ኪሎ ተኩል ብረት ከጭኑ ቁመት ተጓዘ።

ወደቀ። አንድ።
ወደቀ። ሁለት።

እኔ እቆጥራለሁ፣ በእርሳስ፣ ላብ ባራሰው ደብተር ላይ፤
የመጀመሪያው አሥራ አምስት ሳንቲም አይታሰብም፣ የተረበሸ ነውና ከላይ፤
ቀጣዩ ሠላሳ ነው ነገሩ። ስንት ጊዜ ተመታ? ስንት ጊዜ እምቢ አለ?
የምድር ቃሏ ይኸው ነው፤ ሌላ አንደበት የት አለ?

በአንድ ሜትር ተኩል፣ አራት። ደለል ነው፣ ክረምት ያመጣው።
በሦስት ሜትር፣ ሰባት። የማን ግቢ አፈር ይሆን፣ ጎርፍ ነጥቆ ያወጣው?
ከቱቦው አፍ የሻይ ብርጭቆ ስባሪ ወጣ፣ ሰማያዊ፤
ሮብሌ በአውራ ጣቱ ጠርጎ ኪሱ ከተተው። ዝም አለ።

በአራት ተኩል፣ ሃምሳ። ቱቦው ጋት እንኳ አልወረደ።
ሐጂ ወርሰሜ ከኒሙ ጥላ ተነሡ፤ በዓይናቸው ውስጥ ፎቁ ተወለደ።
«ኢንጅነር ነስራ! ዓለት ነው! አራት ፎቅ ይችላል፣ አላልኩሽም?»
ሃምሳ ውብ ቁጥር ነው፤ እርሳሴም ሊጽፈው አልሸሸም።

ሮብሌ ግን ጆሮውን ከዘንጉ አስጠግቶ አንዴ ብቻ አስመታ።
«ድንጋይ ናት» አለ፤ «አፈር ሲመቱት ያቃስታል፤ ይቺ ትጮኻለች።
ከተራራ ጎርፍ ያንከባለላት ናት፤ ከሥሯ ምን አለ? ብቻዋን ተኝታለች።»

አንድ ሜትር ፈቀቅ አልን። ቀትር ሆነ፤ ገመዱ መዳፍ አቃጠለ።
በዚያው ጥልቀት፣ ስድስት።
ሐጂ ወደ ጥላው ተመለሱ። ማንም ምንም አላለ።

ማታ ሙቀቱ አላንቀላፋም፤ ቬንትሌተሩ ወረቀቴን እያገላበጠ፣
ስድስትን ወደ ግትርነት ልለውጥ ስል አንዱ ቀመር ቸረ፣ አንዱ ቆነጠረ፣ ሦስተኛው ግማሽ ሰጠ።
ሁሉም የሌላ ወንዝ አሸዋ ነክተው የማሉ፤ ደቻቱን አያውቁ፣ ጎርፉን።
ከአራት ሜጋፓስካል እስከ አሥር! በዚህ ክፍተት ሰው ልጁን ያስተኛል፣ ያነጥፋል ምንጣፉን።

አምስትን ያዝኩ። ለምን አምስት? ፍርሃትም መለኪያ ነው፤ አንዳንዴ ከቀመር ያልፋል።
ሁለት ፎቅ ብዬ ጻፍኩ፤ ሐጂ ይቆጡ። ቁጣ ይበርዳል፣ ስንጥቅ ግን ይሰፋል።

«ምርመራ» በሚለው ዓምድ «ሃምሳው ተሰርዟል፤ ድንጋይ» አልኩ፤
ከሥሩም «በሦስት ሜትር፣ የብርጭቆ ስባሪ፣ ሰማያዊ» ብዬ ጨመርኩ።
የማን ቤት እንደነበር ሮብሌን አልጠየቅሁትም።
ነገ አራተኛው ጉድጓድ አለ፤ ገመዱን ማታውኑ ማርጠብ ነበረብን።