ያልሆናችሁትን ለብሳችሁ ኑ

ማስታወቂያው ወጣ በድኅረ ምረቃው ቤተ መጻሕፍት በር፣
«ያልሆናችሁትን ለብሳችሁ ኑ» የሚል በቀይ ተጽፎ ነበር።
ቅዳሜ ከመግሪብ ወዲያ፤ መግቢያ ሃምሳ ብር፤
የመጣ ሁሉ ልብሱ በላዩ ላይ እያለ ይጫረታል፤ ገቢው ለጦይባ፣
በሳምንት ሁለት ቀን ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል ለምትገባ።

ነሐሴ ነው ደሴ። ጦሳ ጉሙን ለቆት ከተማው ላይ ተኝቷል፣
የቧንቧ ውሃ መብራት እንደ ለጋ ቅቤ ጉሙ ውስጥ ሟሙቷል።
ፒያሳ ወረድኩኝ፤ ከሙሂዬ ፎቶ ቤት የዶክተር ካባ ተከራየሁ፣
ሁለት መቶ ብር ከፍዬ መታወቂያዬን መያዣ ሰጠሁ።
እጅጌው ላይ የሰው ምርቃት ኬክ ደርቋል፤ እንዳለ ለበስኩት፤
ያልሆንኩት ይኸው ነው፤ ምዕራፍ ሁለት ላይ ሦስት ዓመት ያቆምኩት፣
ጎማው እንደ ወለቀ ባጃጅ ድንጋይ ያስደገፍኩት።

አዳራሹ ሞልቷል። የእንስሳት ሕክምናው ኑርዬ በሬ ሆኗል፣
ቀንዱ ከካርቶን ነው፤ በጅራቱ ፈንታ መጥረጊያ አንጠልጥሏል።
ውባለም፣ የሕጓ፣ በብስክሌት ሰንሰለት ታስራ እስረኛ ሆናለች፣
«ይግባኝ የለኝም» እያለች ለገባው ሁሉ እጇን ትዘረጋለች።
መምህር ጌጤነህ ለማኝ ሆኖ መጣ፣ የተጣጣፈ ኮት ደርቦ፣
«ያልሆናችሁትን ነው እኮ የተባለው!» አለ አንዱ ተማሪ ደፍሮ ቀርቦ።
ሳቅን። ራሱም ሳቀ፤ ደሞዝ ከገባለት አርባ ቀን ነበረው።
ጨረታውን ከድር፣ የሚኒባስ ረዳት ሆኖ፣ ከጠረጴዛ ጠርዝ ተንጠልጥሎ መራው፤
«ሁለት ሺህ! ሁለት ሺህ! አንድ ሰው የቀረው!»

ሦስት ሰዓት ሲሆን በሩ ተበረገደ።
ካኪ ካፖርት፣ ቦቲ ጫማ፣ ፊሽካ ባንገቱ፣ ዱላ በብብቱ፤
አዳራሹ በጭብጨባ አበደ።
«ይሄ ነው መልበስ! ጭቃው ሳይቀር እውነት!» አለ ከድር፤
«የዘበኛ ካፖርት! መነሻ አምስት መቶ ብር!»
ስድስት መቶ፤ ሺህ፤ ከወዲያ ጥግ ሦስት ሺህ ይጠራል፣
ሰውዬው ቆሞ ያያል፤ ከካፖርቱ ጫፍ ዝናብ ይንጠባጠባል።
«ካፖርቱ የመንግሥት ነው» አለ፣ «ፈርሜ የወሰድኩት፣
ከጠፋ ከደሞዜ ነው የሚቆርጡት።»
ይብስ ሳቅን። «አነጋገሩንስ! ከየት ነው ያጠናው?»
አራት ሺህ ደረሰ።
ያኔ በሬው ተነሣ፤ ቀንዱን አወለቀና
«አያ ይማም ናቸው።»

ዝም አልን። በየማታው መታወቂያ የምናሳየው
ለባትሪው ብርሃን ነበር፤ ከባትሪው ጀርባ ማን እንዳለ ማን አየው?

እሳቸው ግን አልተቀየሙም፤ «ጨረታው ለማን ነው?»
«ለጦይባ» አልናቸው።
«ለዚያች ቀጭን ልጅ? ያ አላህ! እሷንማ እኔ ነኝ የምሸኛት፤
በአሥራ አንድ ሰዓት ሌሊት ለእጥበት ስትወጣ፣ ብርዱ ሳይጨርሳት፣
ይሄንኑ ካፖርት ነው ባጃጅ እስኪመጣ የማለብሳት።
እንዴት አድርጌ እሸጠዋለሁ?»
ከውስጥ ኪሳቸው በአራት የታጠፈ ሃምሳ ብር አወጡ፣
«መግቢያው ይሄ ነው መሰል፤ ገብቻለሁ እንግዲህ» ብለው ሰጡ፤
«የጄኔሬተሩ ናፍጣ እያለቀ ነው፣ ቶሎ ጨርሱ» ብለውን ወጡ።

የኔ ተራ ደረሰ። ከድር የረዳት ጥሪውን ትቶ «ስንት ልበል?» አለኝ፤
«የኪራይ ነው» አልኩት። ማንም አልሳቀልኝ።
ገንዘቡ ተቆጠረ፤ ለዘጠኝ እጥበት ይበቃል ተባለ፤
ስለ አሥረኛው አንድም የተናገረ ሰው አልነበረ።

ስወጣ አባርቷል። በሩ ጋ ባትሪው ፊቴ ላይ በራ፤
«መታወቂያ፣ ዶክተር።»
ደረቴን ዳበስኩ፤ ለካ ካባ ኪስ የለውም።
«ፒያሳ ነው ያለው፣ መያዣ አድርጌው...»
ብርሃኑ ዝቅ አለ፣ ከዓይኔ ወደ ጫማዬ ላይ።
«አብሽር፣ እለፍ» አሉኝ፤ «አንተንማ አውቅሃለሁ፣
ላይብረሪ ሲዘጋ መጨረሻ ስትወጣ ሁሌ አይሃለሁ።
ያቺ ጽሑፍህ ግን፣ ልጄ፣ አላለቀችም ወይ?»