ሰይቸንቶዋ ስትከርም

ሰኔ ሚካኤል አልፎ፣ መሐል ሜዳ ጭቃው ጎማ ሲውጥ፣
ውድነህ መኪናውን ያስገባታል ከጋጥ፤
በቅሏችን ከሞተች ባዶ ከነበረው፣
ሽታዋ እስካሁን ድረስ ግድግዳው ላይ ካለው።
“በቅሎ ብትገዛ ኖሮ” ይሉታል ጋሽ አጥናፉ፣
ሰኔ በመጣ ቁጥር በደጃችን ሲያልፉ።

አራት ድንጋይ ደርድሮ ከመሬት ያነሣታል፣
የጭስ ማውጫዋን አፍ በጨርቅ ይወትፋል፤
ባትሪዋን ይነቅልና፣ ታቅፎ እንደ ሕፃን፣
ያስተኛዋል ከግርጌ፣ አስጠግቶ ከሣጥን።
ዘንድሮ ድመቷን በአይጥ ነገር መከራት፤
ሰማችው እንደኔው፣ እንቅልፍ እስኪወስዳት።

ይህ ሁሉ ባልከፋ። ግን ማታ ላይ መጣና
ከአልጋዬ ገፈፈው የሰርጌን ባና፣
እናቴ የፈተለችው፣ የጥቁር በግ ጠጉር፤
አለበሳት ለእሷ። እኔ በነጠላ ልደር!
“ቆርቆሮ ነች እኮ! ብርድ ምን ያውቃታል?”
ስለው፣ “ዝገት” አለኝ፣ “ዝገት እንደ ሳል ነው፣
ቀስ ብሎ ይገባል።”

ሐምሌ እኩሌታ ላይ፣ በረዶው ጣሪያ ሲቀጠቅጥ፣
ብዳብሰው የለም። ፋኖስ ይዤ ሄድኩ ከጋጥ።
ባናውን ገለጥ አድርጎ ገብቶ ተቀምጧል፣
መሪውን ቀስ እያለ ወደ ግራ ያዞራል።
ልሳደብ ነበረ። በሩን ከፈተልኝ።
“ግቢ” አለኝ፣ “ጣርማ በርን ጭጋግ ሊዘጋው ነው፣
ሳይመሽ እንለፈው።”

ገባሁ። ሞተር ሳይነሣ፣ መብራት ሳይኖር ወረድን፣
ዋሻውን አለፍን፣ ጠመዝማዛውን ዞርን።
ደብረ ሲና ስንደርስ፣ “ቆሎ ግዛልኝ” ስለው፣
ከኪሱ ቆንጥሮ መዳፌ ላይ አኖረው።
ስቆረጥም ሳለሁ አስተዋልኩ ዘግይቼ፣
ብርዱ የለም። ለካስ
ከነመኪናዋ ባናዬን ለብሼ።