ውሰት ጎማ

ኳሷን ማን እንዳገባ እኔን አትጠይቁኝ፣
ጎማ ጠብቅ ብለው ነው ዊኒፔግ የላኩኝ።

ከአዳማ የያዝኩት ስድስት ካላማዳሪ፣
አንድ ጣሳ ግሪስ፣ አንድ ዝገት ጫሪ፣
ራጂ በጥቅል፣ ቡለን ከነዳዶው፣ ካቻቢቴ።
«ይህ ሁሉ ለምንድን ነው?» አለኝ ፈታሹ ኤርፖርት ላይ፣
«ለእግር» አልኩት። እግሬን አየ፣ ደግሞ ወደ ላይ።

ሆቴሉ ሰፊ በር ያለው ሁለት ክፍል ብቻ ነበረው፣
የሌላውን መታጠቢያ በር ከነማጠፊያው ነቀልኩት፣ አልጋዬ ስር አሳደርኩት፤
የጽዳቷ ሴትዮ አይታ ሳቀች፣ ለማንም አልተናገረችው።

እና እኔ ኳሷን አላይም፤
የማየው ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ያለውን ነው፣
የአስካል ግራ ጎማ ስትታጠፍ ይስላል፣ ጉንፋን እንደያዘው።
የመዲና ወንበር እንደ መዲና ነው፣ አይናገርም፣
ሲከፋው ብቻ ያዘማል፤ ያኔ እኔ አልቀመጥም።
የካፒቴኗ የዘቢደር ደግሞ በገፋችው ቁጥር ያፏጫል፣
«ግሪስ ልጨምርበት?» ስላት፣ «ተወው፣ ሲያፏጭ ይሮጣል።»

በመጀመሪያው ቀን ሰባ ለአሥራ አንድ ተሸነፍን፣
በማግስቱ ስልሳ ለሃያ፤ «ተሻሻልን» አልን።
ሦስተኛውን አልነግራችሁም።
ማታውን ወንዙ ዳር ወጣን፤ የሚያዝያ በረዶ ይሰነጠቃል፣
መዲና ብቻ ናት የተናገረችው፦ «ይሄም ኩሽኔታው አልቋል።»

በአራተኛው ቀን ከፔሩ ጋር፣ ጭራ ላለመሆን፣
ሦስተኛው ሩብ ላይ ብረት ከብረት ተላተመ፣
ድምፁን አውቀዋለሁ፤ ቸርኬ ተጣመመ።
ዘቢደር ከነወንበሯ በጎኗ ወደቀች፣
አዳራሹ ተነሣ፤ እሷ መጀመሪያ ፀጉሯን አሰረች፣
ከዚያ በአንድ ክንዷ ወለሉን ገፍታ፣
ቀና አለች ከነብረቱ፣ እንደ በር ተከፍታ።

ፊሽካ ተነፋ። ሮጥኩ። ሳጥኔን ከፈትኩ፣
ትርፍ ጎማ የለም፤ የመጨረሻውን ትናንት ለአስካል ገጠምኩ።

ከወዲያኛው ጥግ አንድ ሽማግሌ መጣ፣ የፔሩ ጎሚስታ፣
ጥፍሩ ሥር እንደኔው ግሪስ፣ ጎማ በቀኝ እጁ አንጠልጥሎ፣ በግራው መነጽሩን እየፈታ።
ቋንቋ የለንም፤ ቸርኬውን በስንዝሩ ለካ፣
የእነሱና የኛ አንድ ቁመት ነበር ለካ።
እሱ ያዘ፣ እኔ አጠበቅኩ፣ አርባ ሰከንድ ቢሆን፣
ዘቢደር ከላይ «ቶሎ በሉ እንጂ!» ትላለች በአማርኛ፣ ሁለታችንን።

በውሰት ጎማ ዘጠኝ ነጥብ አገባች አሉ፣
እኔ የሰማሁት ወንበሯ ማፏጨቱን መተዉን ነው፣ በሩጫው ሁሉ።

አርባ ሦስት ለአርባ አራት። ተሸነፍን በአንድ ነጥብ፣
ከስምንት አገር ስምንተኛ። ሌላ ነገር አላስብ።

ጎማውን ፈትቼ ልመልስ ብሄድ፣
ሽማግሌው የዘቢደርን ቸርኬ ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣
ራጂ በራጂ ያቃናል፣ በአንድ ዓይኑ አጥብቦ፣ ቀስ ብሎ፣ ደጋግሞ።
አልቃናለትም። እኔም ሞከርኩ። አልቃናም።
ተያይተን ሳቅን፤ እንዲህ ያለውን ብረት ሁለታችንም እናውቀዋለን፣ አይሆንም።

አዳራሹ ተበትኖ ግማሹ መብራት ሲጠፋ፣
ወለል የሚያጥበው ሰው መጣ፣ ማሽኑን እየገፋ።
«ቆይማ» አልኩት በእጄ።
እንጨቱ ላይ ጥቁር መስመር፣ መስመር በመስመር ላይ፣ ጎማ የጻፈው፣
ይሄ የሚስለው የአስካል፣ ያ ያዘመመው የመዲና ነው፣
ይሄ አጭሩ፣ ተጠምዝዞ የተቆረጠው፣ ዘቢደር የወደቀችበት።
አጠገቡ የመዳፍ ወዝ አለ።
ከዚያ ቀጭን፣ የኛ ያልሆነ ጎማ፣ አንድም ቦታ ሳይሰበር፣
እየጠበበ፣ እየፈጠነ፣ እስከ ቅርጫቱ ሥር።

ኳሷን አላየሁም ብያለሁ።
ሰውዬው ጠበቀኝ፣ እስክጨርስ አንብቤ፤
ከዚያ ማሽኑን አስነሣ፤ እኔም ካቻቢቴዬን ፍለጋ ሄድኩ፣ የሆቴሉን በር አስቤ።