ዘጠነኛ ፎቅ

ሊፍቱ ዘጠኝ ሲል ተከፈተ በሩ፤
ቀድሞን ገባ አጎቴ፣ መርከበኛው ድንበሩ።
ካዛንቺስ ከመስኮቱ ሥር መብራቷን ዘርግታ፣
አስተናጋጁ ሜኑ ሰጠን፣ ጎንበስ ብሎ በዝግታ፦
"የአሜሪካ ደቡብ ምግብ ነው፤ የበቆሎ ገንፎ፣ ሽሪምፕ በላዩ፤
ጎመንም አለን፣ በጢስ የደረቀ ሥጋ ያለበት፣ ልዩ።"
"ጎመኑ በስንት?"
"ዘጠኝ መቶ።"
አጎቴ መነጽሩን አወለቀ፣ ልጁን ትክ ብሎ አይቶ፦
"ጤናው ተጨምሮበት ነው?"
ሳቅን። ልጁም ከንፈሩን ነከሰ።

ሽሪምፑ መጣ። ሹካውን ገፋ፤
በሁለት ጣት ጭንቅላቱን ጠምዝዞ ልጣጩን በአንዴ ገፈፈ፤
እኛ ገና ቢላ ስንመርጥ፣ እሱ ሦስቱን አሳለፈ።
ምጽዋን አልጠራም። ሠላሳ ምናምን ዓመት አልፏል።
"ከየት ባሕር ነው?" አለ ብቻ።
"ከዱባይ፣ አባባ። በረዶ ውስጥ፣ በአውሮፕላን ይመጣል።"
"ለካ ለዚያ ነው" አለ፣
"ያላወቀኝ።"

ሂሳቡ መጣ፣ ተጠቅልሎ፣ ረጅም፤
ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።
እህቴ ዘርፌ ከፈለች፤ ቃል አልተነፈሰችም።

ሊፍቱ ሲወርድ ሁላችን ዝም።
እሱ እጁን አልታጠበም፤
ጣቶቹን አፍንጫው ሥር አድርጎ
ፎቆቹን ወደ ታች ይቆጥር ነበር፣
ስምንት፣ ሰባት፣ ስድስት፣
ጥልቀት እንደሚለካ ሰው።